«ይመስገን» ከአስር ስንት ነው?

ሕመምን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ተናገር የሚለውን ጥያቄ የፈለሰፈው ሰው መንዝ ደርሶ አያውቅም። ደርሶ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ቀድዶ፣ የበግ ጠጉር ባና ተከናንቦ፣ እሳት ዳር ቁጭ ይል ነበር። እኔ ግን ነርስ ስለሆንኩ ወረቀቱን መሙላት ግዴታዬ ነው። በመንዝ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወንዶች በሚተኙበት ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ገና እዚያው ነው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። «ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው?» መልሱም ሁሌ አንድ ነው። «ይመስገን።» ሆዱ ተቀድዶ የተሰፋውም «ይመስገን» ይላል፤ ጣቱ በወፍጮ የተቆረጠውም «ይመስገን» ይላል። አጥብቄ ስይዘው «ትንሽ ብጤ ቆንጠጥ ያደርገኛል» ይለኛል፤ ይህ ማለት ቶሎ ብለሽ ሐኪም ጥሪ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተስፋ ቆርጬ በቁጥሩ ቦታ ላይ «ይመስገን» እያልኩ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ከዞን ለቁጥጥር የመጣ ሰውዬ ያንን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲስተር፣ ይመስገን ቁጥር አይደለም» አለኝ።

«እዚህ አገር ቁጥር ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን እኛም አናውቅም» አልኩት።

ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ይገባኛል። ቁጡ ነኝ፤ ምላሴም ከእጄ ይቀድማል። እናቴ እኔን አርግዛ ሚጥሚጣ አምሯት ነበር እያሉ ዘመዶቼ ይቀልዱብኛል።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በጆሮዬ መለካት ተማርኩ። ፈጠን ብሎ የሚወጣ «ይመስገን» ሁለት ነው። ከረዥም ትንፋሽ ጋር ከወጣ ስድስት እጽፋለሁ። ጥርስ ተነክሶ ከወጣማ መርፌዬን ይዤ እሮጣለሁ። በዚህ ዘዴ ስንቱን አስታግሻለሁ። የማይሠራልኝ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለገዛ አባቴ። የአባቴ «ይመስገን» አይረዝምም፣ አያጥርም፣ አይወፍርም፣ አይቀጥንም። እናቴ የሞተች ዕለት ከሥራ ቦታዬ ከንፌ ስደርስ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸውና «እንዴት ነዎት አባባ?» አልኳቸው። «ይመስገን» አሉኝ፤ ስለ በጎቹ የጠየቅኳቸው ይመስል። አርባ ዓመት አብረዋት ኖረው! ያን ቀን ተቀየምኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ቂሙ ከሆዴ አልወጣም ነበር።

አባቴ ሞላሌ አካባቢ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። በነሐሴ፣ ሕዝቡ ሁሉ ፍልሰታን በሚጾምበት ሰሞን፣ ሆዳቸው ተነፋ። ሁለት ቀን ለማንም ሳይናገሩ ዋሉ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት የጠረጠረው ማሳቸውን ሊያዩ ሳይወጡ ስለቀሩ ነው። ገብሱ ሊዘረዝር ደርሶ ስለነበር በቀን ሁለት ጊዜ ሳያዩት አይውሉም ነበር። ሰዎች በቃሬዛ እስከ መንገድ ተሸክመው፣ ከዚያ በመኪና ጭነው አመጧቸው። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከቃሬዛው ጫፍ የወጣውን ጫማቸውን ነው፤ እኔው የገዛሁላቸው ጫማ ነበር።

«አባባ! ምን ሆኑብኝ?»

«ይመስገን። ትንሽ ሆዴን ነፋ አድርጎኝ ነው፤ ሰዎቹ አካበዱት።»

ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር።

ቀዶ ሐኪማችን ወጣት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ብርድ ግን አይችልም፤ ከነጩ ጋውን ሥር ሦስት ሹራብ ደርቦ የሚውል ሰው ነው። አንጀታቸው ተጠላልፏል አለና ጊዜ ሳያባክን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባቸው። እኔ ውጭ ቆሜ ያልተሳልኩለት ታቦት አልነበረም። እግዚአብሔር ይስጠው፣ በሰላም ወጡ። ከማደንዘዣው ሲነቁ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለሐኪሙ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ፈታኸው ወይስ ቆረጥከው?»

«ፈታሁት አባባ፤ የተጎዳውን ግን ትንሽ ቆርጬ ቀጠልኩት።»

«ቋጠሮ በትዕግሥት ይፈታል እንጂ ባይቆረጥ ደግ ነበር» አሉና ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለጊዜው ምንም ነገር በአፋቸው እንዳይገባ ሐኪሙ ሲከለክል አባቴ ቅር አላላቸውም። ጾሙን ሐኪም ያዘዘላቸው መሰላቸው። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ጀርባቸውን በማዳመጫው ሲሰማ ቆየና ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«ሲስተር፣ አባትሽ አይተነፍሱም።»

«እንዴት አይተነፍሱም? አሁን ገና ይመስገን አሉኝ!»

«በላይ በላዩ ነው የሚተነፍሱት። ቁስሉ ስለሚያማቸው አየር በጥልቀት አይስቡም፣ አይስሉም፣ ከአልጋ አይነሱም። የሳንባቸው ታችኛው ክፍል አየር እያገኘ አይደለም። በዚህ ከቀጠሉ የሳንባ ምች ይገባል። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ የሳንባ ምች ከገባ…»

አልጨረሰውም። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር ለስንት ቤተሰብ ጨርሼው አውቃለሁ። ለራሴ ሲመጣ ግን መጨረስ አቃተኝ። ፈራሁ። አባቴን ከቢላው አትርፈን በትንፋሽ ልናጣቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

ጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ ይዤ ሄድኩ። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከአስር ስንት ነው?»

«ይመስገን።»

«ቁጥር ነው የጠየቅኩት!»

«ምን ያስቆጣሻል? ደኅና ነኝ። መርፌውን ላመመው ሰው ስጪው፤ ያ የመርሐቤቴው ሰውዬ እየጮኸ አይደል እንዴ።»

እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ደበቁ። ያለ ፈቃዳቸው ልወጋቸው አልችልም። ሳሉ ስላቸው ጉሮሯቸውን በስሱ ይጠርጋሉ፤ ይነሱ ስላቸው «ነገ» ይላሉ። ልጃቸው ነርስ ሆና፣ መርፌው እጇ ላይ ሆኖ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሆነ።

ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ሌላ ጣጣም ነበረብኝ። አንጀቱ የተሠራ ሰው አንጀቱ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲወጣለት ነው። አየር የምለው በጨዋ አነጋገር ነው። ይህንን ጠዋት ማታ መጠየቅ የነርስ ሥራ ነው፤ ሌላውን ሰው ሳላፍር እጠይቃለሁ። ግን የመንዝ አባት በልጁ ፊት እንኳን አየር ሊያወጣ ማዛጋትም ያፍራል።

«አባባ፣ አየር ወጣልዎ?» አልኳቸው ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ።

«መስኮቱን ከፍተሽው የለ፤ ይወጣል ይገባል እንጂ» አሉኝ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

ከጎናቸው የተኙት ሁለት ሰዎች በዚህ ሁሉ ተሳታፊ ነበሩ። በስተቀኝ ከራቤል የመጡ መሪጌታ ናቸው፤ ብሽሽታቸው ላይ ተሰፍተው ሊወጡ ሁለት ቀን የቀራቸው። በስተግራ ቅድም አባቴ ያነሱት የመርሐቤቴው ሰውዬ ነው፤ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ የተሰበረና የቆሰለ። እሱ ሕመሙን አይደብቅም። ከአስር ስንት ነው ስለው «አስራ ሁለት!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ጀማ ወንዝ ድረስ ይሰማል። «እናንተን መንዞችን ብርዱ ምላሳችሁን አድርቆት ነው» ይለናል። ቁስሉን በጠረግሁለት ቁጥር እስከ ሰባት ቤቴ ይሰድበኝ ነበር፤ ሲጨርስ ደግሞ «ይቅር በይኝ እህቴ፣ ሕመሙ ነው» ይላል።

ሐኪሙ አንድ ሳጥን ያወጣው ለዚህ ሰውዬ ብሎ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የብየዳ ሠራተኛ መነጽር የሚመስል ጥቁር ነገር ነው፤ ራስ ላይ በቀበቶ ይታሰርና ዓይንን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ሐኪሙ «ቪአር» ይለዋል። ውስጡ ሲያዩት ሌላ ዓለም አለ። ራስዎን ወደ ግራ ሲያዞሩ የግራው ይታያል፣ ወደ ላይ ሲያቀኑ የላይኛው ይታያል። የሐኪሙ ወዳጅ ለሙከራ የሰጠው ዕቃ ነው። «አእምሮ ጠባብ በር ነው» ብሎ አስረዳኝ። «በበሩ ሌላ ነገር ሞልተሽ ካስገባሽበት ሕመሙ ገፍቶ መግባት ያቅተዋል።» እኔ አላመንኩም። የሠርግ ቤት ዘበኛ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

መርሐቤቴውን ባሕር ውስጥ ከተተው። ሰውዬው ሲታሰርለት «እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ አደረጋችሁብኝ እኮ» አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕቃው ስም በክፍላችን ዓይነ ርግብ ሆነ። እኔ ቁስሉን መጥረግ ጀመርኩና ስድቡን ጠበቅኩ። ስድብ የለም። ሰውዬው በሁለት እጁ አየሩን እየዘገነ ነው።

«ኧረ ዓሣ! ኧረ ይሄስ የሚያህል! መሪጌታ! በፍልሰታ ዓሣ በዓይን መብላት ጾም ያስገድፋል?»

«ካልዋጥከው አያስገድፍም» አሉ መሪጌታ፣ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ።

ጠርጌ፣ አሽጌ፣ ፋሻውን ቋጥሬ ስጨርስ «ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ። ስንት ነው አልኩት። «አምስት» አለ። ከአስራ ሁለት ወደ አምስት! ያን ቀን አፌን ዘጋሁ። ዕቃው እውነትም ይሠራል። መሪጌታንም ሐኪሙ ጋብዟቸው ነበር፤ «እኔ የዚህኛውንም ዓለም ገና አይቼ አልጨረስኩ» ብለው መለሱለት።

አባቴ በተሠሩ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሐኪሙ ዓይነ ርግቡን ይዞ ወደ እሳቸው መጣ። ያን ዕለት ጠዋት ትኩሳታቸው ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ ለእኔ አልነገረኝም፤ ግን እኔው ነኝ የለካሁት። መርፌ እምቢ፣ መነሳት እምቢ፣ መሳል እምቢ ካሉ የቀረን ነገር ያ ጥቁር መነጽር ብቻ ነበር። ሕመሙን ትንሽ ካዘናጋልን በዚያች ፋታ ቀና አድርገን እናስተነፍሳቸዋለን ብለን ተማከርን።

«ይህ ለሚያመው ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ አባቴ።

«አይ፣ መተኛት ለሰለቸው ሰው ነው» ብዬ ዋሸሁ። መስቀል ፊትም ብሆን እዋሽ ነበር።

«እሱስ ሰልችቶኛል» አሉና ራሳቸውን ሰጡኝ። አሰርኩላቸው።

ሐኪሙ የትኛውን ዓለም እንደሚያሳያቸው ማሰብ ጀመረ። ባሕሩን ተወው፤ አባቴ ከጉልበት በላይ ውኃ አይወዱም። «ከሳጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት ለቁስል ሕመም ቀዝቃዛው ዓለም ይመረጣል ይላል» አለኝ። እኔ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እየጠመጠምኩ ስለነበር በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። የገብስ አራሽ ልጅ ሆኜ፣ ወሩ ነሐሴ መሆኑን እያወቅኩ፣ ቀዝቃዛው ዓለም ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ራሴን ይገርመኛል።

ፈረንጅ ከሰማይ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ለስላሳውን ነገር በአንድ ስም፣ እንደ ድንጋይ የሚወርደውን ደግሞ በሌላ ስም ይጠራል አሉ። የእኛ አማርኛ ለሁለቱም የሚሰጠው ስም በረዶ ነው። ለመንዝ አራሽ ደግሞ በረዶ አንድ ነው፤ የዓመት ቀለቡን በአንድ ከሰዓት የሚወስድበት።

«አባባ፣ አይደንግጡ» አለ ሐኪሙ በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን በረዶ ይታይዎታል።»

አባቴ ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞሩ።

«የማን ማሳ ነው ይሄ?»

«የማንም አይደለም አባባ።»

«የማንም ያልሆነ ማሳ የት አለ?»

«ዝም ብለው ይመልከቱት። ደስ አይልም? ሁሉም ነገር ነጭ ነው።»

«ይህ የተነጠፈው ሁሉ… በረዶ ነው?»

«አዎ በረዶ ነው!» አለ ሐኪሙ፣ ገባቸው ብሎ ደስ እያለው።

በዚህ መሃል ውጭ ዝናቡ ወረደ። የነሐሴ ዝናብ አዲስ ነገር አይደለም፤ የክፍላችን ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ስለሆነ ሲጀምር ሰው ለሰው አይሰማማም። «እንዲያውም ድምፅ ተጨመረልን!» ብሎ ሐኪሙ ሳቀ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ቀድመውኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በላይ በላዩ ሲተነፍስ የከረመው የአባቴ ደረት ተነስቶ፣ ሰፍቶ፣ ግጥም ብሎ ሲሞላ በዓይኔ አየሁት።

«እግዚኦ!» አሉ።

በእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ሰው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል፤ ያውም አርባ አንድ ጊዜ። በሹክሹክታ አይባልም። ሰማይ ድረስ መሰማት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሙሉ ሳንባ ያስፈልጋል።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ! ገብሱ! ኧረ ገብሱ አለቀ!» ብለው አባቴ ከትራሱ ቀና አሉ።

ሐኪሙ ፊቱ አመድ ሆነ። «ላውልቅላቸው!» ብሎ እጁን ሲሰድ ያዝኩት።

«ተወው!»

«ሲስተር፣ ስፌቱ!»

«ስፌቱን እኔ እይዘዋለሁ! አታይም እንዴ? እየተነፈሱ እኮ ነው!»

ትራሱን መንጭቄ ቁስላቸው ላይ ደግፌ ያዝኩ። አባቴ ሦስተኛውን እግዚኦ ሲሉ ሳል ያዛቸው። እውነተኛ ሳል፣ ከሥር የሚመጣ፣ ለሦስት ቀን የለመንኩት ሳል! እያለቀስኩ «እሰይ፣ ይሳሉ! ይሳሉ!» እላለሁ። እሳቸው አይሰሙኝም፤ ማሳቸው ላይ ናቸው። እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ቆሙ። እኔ በአንድ ወገን፣ ሐኪሙ የግሉኮሱን መስቀያ እየጎተተ በሌላ ወገን ይዘናቸው ወደ መስኮቱ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እርምጃ ሄዱ።

«ምን ታያላችሁ! ደወል ደውሉ እንጂ!» ብለው ጮኹ።

ሌላው ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። መሪጌታ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ እግዚኦታ ተጀምሮ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ዳዊታቸውን ዘጉና ከአልጋቸው ሆነው በዚያ ማሕሌት ባሞቀ ድምፃቸው ተቀበሉ፤ በጣታቸውም መቁጠር ጀመሩ። የመርሐቤቴው ሰውዬ ደወል ቢያጣ፣ ከአልጋው ሥር ባዶውን ፖፖ አንስቶ በማንኪያ ይቀጠቅጠው ጀመር። ከሌላው ክፍል የመጡ አስታማሚዎች በር ላይ ቆመው፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ፣ በረዶ ነው ሲባሉ እነሱም «እግዚኦ!» አሉ። ዝናቡ ከላይ፣ ፖፖው ከታች። በዚያች ክፍል ውስጥ በዚያች ሰዓት ሕመሙን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም።

በሃያ ሦስተኛው እግዚኦ ላይ አየሩ ወጣ።

ዝናቡም ፖፖውም አልሸፈኑትም። ሦስት ቀን የተጠራቀመ ነገር ነው። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ወጣ!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ፣ ጎል እንዳየ ሰው ሁለት እጁን ሰቅሎ። የግሉኮሱ መስቀያ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ያዝኩት። መርሐቤቴው «እሰይ! እሰይ!» ብሎ ፖፖውን ደለቀው። በር ላይ ከቆሙት አንዲት ሴት በረዶው የቆመ መስሏት እልል አለች።

«አሥራ ስምንት ይቀራል፤ አታቋርጡ» አሉ መሪጌታ፣ ጣታቸውን እንደያዙ።

አባቴ ዓይነ ርግቡን በገዛ እጃቸው አወለቁት። መስኮቱን አዩ።

«ገብሱ?»

«ደኅና ነው አባባ። በረዶ የለም፤ ዝናብ ብቻ ነው።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቀጥሎ ሌላውን ነገር ያስታወሱ ይመስለኛል፤ ዙሪያቸውን የቆመውን ሕዝብ አንድ በአንድ አዩና ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«በመሪጌታ ፊት?» አሉኝ በቀስታ።

መሪጌታ ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡ። «እኔ ስቆጥር ነበርኩ፤ የሰማሁት ነገር የለም» አሉ።

እግዜር ይስጣቸው። አባቴ ግን ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ያን ከሰዓት ዋሉ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ፤ ስስቅ ቆይቼ ደግሞ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሐኪሙ መጥቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ይመስገን አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ ወርዷል። ሐኪሙ ጀርባቸውን አዳምጦ «አየር ታች ድረስ እየገባ ነው» ሲለኝ ሦስቱንም ሹራብ ብስመው ደስ ባለኝ። ዓይነ ርግቡን ወደ ሳጥኑ መለሰው፤ በረዶውን ግን ዳግመኛ ለማንም ላያሳይ ምሎ ነው። እኔም ወረቀቴን ይዤ ወደ አባቴ አልጋ ሄድኩ። መልሱን ስለማውቀው ብዕሩን አልከፈትኩም።

«ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው?»

«አስሩ ምን ያህል ነው?» አሉኝ።

«አስር ማለት ከዚያ በላይ ሕመም የለም ማለት ነው።»

የበግ ጀርባ ዳብሰው እንደሚገምቱት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አሰቡ። «ትናንት ጠዋት ዘጠኝ ነበር» አሉ። «አሁን ስድስት።»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ አመመኝ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ግን ደስታዬን ንዴቴ ቀደመው።

«ዘጠኝ ይዘው ነው ሦስት ቀን ሙሉ ይመስገን ሲሉኝ የከረሙት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ሊሞቱብኝ እኮ ነበር!»

«ታዲያ አይመስገን ልበል?» አሉኝ። «ይመስገን ለእሱ ነው። ቁጥሩ ላንቺ ነው። ለየብቻ መሆኑን ማን ነገረኝ? ደግሞ ከትናንቱ ወዲያ ምን የምደብቅሽ ነገር አለ?»

መርሐቤቴው ከጎን ሳቁን ለማፈን ትራሱን ነከሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። መርፌውን ቀድቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ፣ ወጋኋቸው። ጋቢው ውስጥ አልደበቁትም። ጥጡን እንደያዝኩ፣ ሳላስበው፣ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ወጣ።

«እማዬ የሞተች ዕለትም እኮ ይመስገን ነው ያሉኝ።»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ ብራ ሆኗል።

«እንዴት ነዎት አልሽኝ» አሉ። «እንዴት ነዎት ለተባለ ሰው መልሱ ይመስገን ነው። ስንት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነርስ አልጋ ላይ አትቀመጥም፤ እኔ ግን ተቀመጥኩ።

«አሁን ልጠይቅዎ» አልኳቸው። «ስንት ነበር?»

ጋቢው ላይ ያለው እጃቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ፤ አንዱ እጅ አለቀና ሌላኛው ተከተለ፤ እሱም አለቀ።

«አስር ላይ ያበቃል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባባ። አስር ላይ ያበቃል።»

«እንግዲያው ይመስገን» አሉ።